እያደገ ያስቸገረው ተራራ

ይህን ታሪክ አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ከራሱ እስከ ጭራው እውነት መሆኑን እምላለሁ። ብዋሽ አፌ ውስጥ ያሉት ጥርሶች አንድ በአንድ ይርገፉ፤ ያውም ሟቹ በገዛ እጁ የሠራልኝ፣ ዐጥንት የሚሰብሩ ጥርሶች ናቸው። የሆነው እንዲህ ነው፦ በቀብሩ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ትልቁ ክፍል በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሳለ፣ ተራራው ላይ በረዶ መጣል ጀመረ።

መጀመሪያ ያየችው ሚስትየዋ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ ባሏ የአሻንጉሊት ባቡር ይነዳበት ከነበረው ጠረጴዛ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከተራራው አናት ነጭ ነገር ብን ብሎ ወረደ። የጣቢያው ጣሪያ ላይ አረፈ። ከዚያ መድረኩ ላይ ቆመው ባቡር የሚጠብቁት ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ትከሻቸው ነጣ።

ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ሌላ ያየ የለም። ከላይ፣ ከፎቅ፣ የሆነ ሰው ሲራመድ ተሰማ፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። በረዶው እንደገና ብን አለ። እርምጃው ሲቆም በረዶውም ቆመ።

«ቡናሽ ቀዘቀዘ እኮ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ፔርሙሱን እንዳቀፈች። ይህችን ጎረቤት ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ማጥፊያ ስለሌላት ነው። «ፉት በይበት እንጂ። በባዶ ሆድ ማልቀስ ጨጓራ ይልጣል።»

ሚስትየዋ ስኒውን አየችው። ጥቁሩ ቡና ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተንሳፎበታል።

«ከላይ የሆነ ነገር ይወርዳል» አለች በሹክሹክታ።

«የት?»

«ተራራው ላይ። ፎቅ ሰው በተራመደ ቁጥር።»

ሬዲዮ ተራራውን አየች፤ ከዚያ ሚስትየዋን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን መጠጠች። «አይዞሽ የኔ እናት። ሐዘን ሲጠና ዓይን ያጭበረብራል። እኔ ባሌ የሞተ ሰሞን ድመታችን ታናግረኝ ነበር።»

«ምን ትልሽ ነበር?»

«ወተት።»

ሚስትየዋ አልሳቀችም። ጆሮዋ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ፣ ልክ ከተራራው በላይ ባለው ክፍል፣ የሟቹ እናት ተኝተዋል። አሮጊቷ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ከአልጋ የሚወርዱት በሰው ክንድ ነው። አሁን ልጃቸው ሞቶ የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ አልጋቸውን ከበዋል። የሚያለቅሰው አንዱ ወገን ምድር፣ ሌላው ወገን ፎቅ ነው። ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ተሸክሞ አያውቅም።

ሟቹ ጥርስ ሠሪ ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የመንጋጋ ልክ ይልኩለታል፤ እሱ በጄሶ ቅርጹን ያወጣና ጥርስ ይደረድርበታል። ከለቀስተኛው ግማሹ የሚያለቅሰው እሱ በሠራለት ጥርስ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለው ለቅሶ ትንሽ ፉጨት ነበረው። ሰፈሩ ግን የሚጠራው «አለቃ» እያለ ነው፤ የጣቢያ አለቃ ለማለት። እንጀራው ጥርስ ነበር፤ ነፍሱ ግን ባቡር።

ቀን የሰው ድድ ሲያስተካክል ውሎ፣ ሲመሽ የትልቁን ክፍል ግማሽ በያዘው የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛ ላይ አገር ይሠራል። ሐዲድ፣ ድልድይ፣ መጋዘን፣ በመስኮታቸው መብራት የሚታይ ቤቶች። ዕቃ መግዛት አይወድም፤ ካለው ይፈጥራል። የጣቢያው ንጣፍ የጥርስ ስብርባሪ ነው። ተሳፋሪዎቹን የቀረጻቸው ድድ ከሚሠራበት ሮዝ ነገር ስለሆነ ሁሉም ገና ከሙቅ ውሃ የወጡ ይመስላሉ። ሣሩ የሰው ፀጉር ነው። ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ወለል ጠርጎ፣ አረንጓዴ ቀለም ነክሮ ያመጣለታል። ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ ፀጉሩ እዚያ መስክ ላይ ያልበቀለ ወንድ የለም፤ የሞቱትም ጭምር። ፀጉር አስተካካዩ ከጣቢያው ጀርባ ያለውን ኮረብታ በጣቱ እያሳየ፣ «ይኼ የዕድራችን ጸሐፊ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ፀጉሩ ድርቅ ያለ ነበር፤ ለሣር የተፈጠረ ሰው» ይል ነበር።

ሚስትየዋ ይህን አገር «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። «የሰው ጣውንት ሽቶ ትሸታለች፤ የኔዋ ሙጫ!» ትላለች እንግዳ ፊት። ቀልድ ነው፤ ግን ከሥሩ እሾህ ነበረው። አንድ ጊዜ አቧራ ስታራግፍ ከሐዲዱ ዳር አንዲት ጠጠር ተንከባላ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠች። ባቡሩ መጣ፣ ጠጠሯን ነካ፣ ፉርጎዎቹ ከነጭነታቸው ወንዝ ገቡ። ውሃው ሙጫ ስለሆነ የሰጠመ የለም። ሰውየው ግን እህል ውሃ እስኪረሳ አኮረፈ።

«አንተ ሰው፣ ጠጠር እኮ ናት!» ብትለው፣

«ሐዲድ ላይ ጠጠር የለም» አላት። «ሐዲድ ላይ ያለው ወይ ባቡር ነው፣ ወይ አደጋ።»

ወደ ተራራው ልመለስ። ተራራው የቆመው በክፍሉ ጥግ፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ ነው። በወንፊት ሽቦ ላይ ጄሶ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ዋሻ ተከፍቶ፣ ሽቅብ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። አለቃ ሲሠራው ከአናቱ እስከ ኮርኒሱ ጭብጥ እጅ ያሳልፍ ነበር። ከርሞ ሲያየው ጣት ብቻ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ተራራው ኮርኒሱን ላሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ነገር ያስብ ነበር። አለቃ ግን ጥርስ ሠሪ ነው። ጄሶ ሲደርቅ እንደሚያብጥ፣ ያንን ያላወቀ ሰው ጥርሱ ልክ እንደማይመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ነው። ስለዚህ ፍርዱን በተራራው ላይ ፈረደ። «አበጠ» አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ አናቱን በሞረድ ሞረደው። ተራራው እንደገና ኮርኒስ ነካ፤ እሱም እንደገና ሞረደው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «የአለቃ ተራራ ያድጋል!» ተባለ። ሰው ሊያየው መጣ። እሱም ደስ አለው፤ «ውሃ አላጠጣሁትም፣ በራሱ ነው» እያለ ሲያስቅ ኖረ። በዚያ ቤት የፎቁ በር አልዘጋ ሲል፣ «እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው» ይባላል። የደረጃው መስኮት ማንም ሳይነካው ሲሰነጠቅ፣ «ብረቱ በፀሐይ አብጦ ነው» ይባላል። ሁሉም ነገር ያብጣል እንጂ የሚጎብጥ ነገር መኖሩን ያሰበ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ታላቅ ወንድም ክፍሉ መሀል ቆሞ ወንበር መቁጠር ጀመረ። ይህ ሰው ዕድሜውን የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ባቡር አይወድም። «መሪ የሌለው ነገር አይነዳም፣ ይላካል እንጂ» ይላል።

«ነገ የሩቁ ዘመድ ሲመጣ የት ልናስቀምጠው ነው?» አለ ወደ ጠረጴዛው በአገጩ እየጠቆመ። «ድልድዩ ላይ?»

«ጣቢያው ውስጥ ይጠብቁ» አለ ከኋላ አንዱ። በመሐረብ የታፈነ ሳቅ አለፈ።

«ይኼ ነገር መውጣት አለበት። አንቺ ምን ትያለሽ እህቴ?»

ሚስትየዋ ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ስትጠብቀው ኖራለች! «ያውጡት፣ ጋሼ» አለች ሳታስብ። ወዲያው ፎቅ ላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። በተራራው ጎን ላይ፣ ከአናቱ ጀምሮ፣ ቀጭን ስንጥቅ እንደ እንሽላሊት ሹልክ ብሎ ወረደ። «ጋሼ፣ ግን ይኼ ከላይ የሚወርደው ነገር…»

«የምን ከላይ? ጄሶው ነው የሚረግፈው። ለዚህ እኮ ነው የማፈርሰው፤ ሰው ላይ ሳይናድ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቆይ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ። «የሰውየው አፈር እንኳን ገና አልደረቀም።»

«የሰውየው አፈር ደርቋል። ያልደረቀው ጄሶው ነው፤ ይኸው ዘንድሮም ያብጣል!»

«የሚፈርሰው ነገ ጠዋት ነው» ብሎ ሾፌሩ ነገሩን ዘጋው። ሽማግሌ የዘጋውን ማን ይከፍታል?

ሚስትየዋ ተራራውን ማየት አልተወችም። ጧፍ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኗን ተከለችበት። እያየችውም ሳለ በአለቃ የመጨረሻ ሰሞን የሆኑ ነገሮች አንድ በአንድ መጡባት፤ በጊዜው ንዴት እንጂ ሌላ ነገር ያልሰጧት።

በዚያ ሰሞን አለቃ መሞረድ ተወ። «ዛሬስ አትሞርደውም?» ስትለው፣ «ይበቃዋል፤ እንግዲህ ይንካ» አላት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እሷ ገበያ በሄደችበት ክፍሉን ዘግቶ ሲያንኳኳ ዋለ። ስትመለስ ተራራው አናቱ ላይ ደመና ነበረው። ጥጥ ነው፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በሙጫ የተለጠፈ። የመጋዝ ብናኝ ጫማው ላይ ነበር። «ደመና ደግሞ በመጋዝ ይቆረጣል?» ብትለው፣ «የዘንድሮ ደመና ጠንካራ ነው» ብሎ አሾፈባት።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ማለፍ ተወ። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ ሲመጣ፣ ባቡሩ እያፏጨ እስከ ዋሻው አፍ ይሄድና፣ ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ምን ሆነ?» ሲሉት፣ «መስመሩ ጥገና ላይ ነው። ስለሚደርሰው መጉላላት ድርጅቱ ይቅርታ ይጠይቃል» ይላል፣ ድምፁን እንደ ድምፅ ማጉያ አንሻፎ። ይስቁ ነበር። እሱ ግን ሲስቅ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል።

በዚያው ሰሞን የሾፌሩ ክሪክ ጠፋ። ክሪክ ማለት አውቶቡስ የሚያነሳው የዘይት ክሪክ ነው፤ እጀታው ቀይ ቀለም የተቀባ። ሾፌሩ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ በማስታወሻነት የያዘው ያንን ብቻ ስለነበር አገር ይያዝልኝ አለ። አለቃ ታላቅ ወንድሙን አጽናንቶ፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አብሮት ሲፈልግ ዋለ። «የዘንድሮ ሌባ ነውር አያውቅም» ሲልም ነበር።

በመጨረሻም አለቃ፣ «በመጪው ሳምንት ግንበኛ ይመጣል» አላት።

ያን ጊዜ ነው ደሟ የፈላው። «ለአሻንጉሊት ግንበኛ? እኔ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ስል ስንት ክረምት አለፈ? ለእሷ ግንበኛ ይመጣላታል?»

«ለእሷ አይደለም» አለ።

«ለማን ነው ታዲያ?»

የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፎቅ የእናቱ ሳል ተሰማ። ተወው። «እንግዲህ ሲመጣ ታይዋለሽ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ግንበኛው ሳይመጣ፣ አለቃ የሰው ጥርስ እየደረደረ ደረቱን ያዘና ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሲያነሱት በአንድ እጁ የአንድ ሰው ፈገግታ ይዞ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዶሻና ፌሮ ይዞ መጣ። ከምድር ቤቱ ሰው ጋር ቤቶቹን ነቅለው፣ ድልድዩን አንስተው፣ ተሳፋሪዎቹን በስኒ ማስቀመጫ ሰብስበው ጥግ አደረጉ። ፀጉር አስተካካዩ መስኩን ማየት ስላቃተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ፎቅ ላይ ሴቶቹ ገና በጠዋቱ ሞልተዋል፤ የአሮጊቷ ሙሾ በወለሉ ውስጥ አልፎ ይሰማል። ተራራው ላይ በረዶው አሁን አይቆምም። ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ተራራውን ይተዉት» አለች ሚስትየዋ ከወንበሯ ተነስታ።

«ትናንት አውጡ አላልሽም?»

«ብያለሁ። አሁን አልልም። ልቤ ፈራ።»

«ልብሽ ተሰብሮ ነው እንጂ ፈርቶ አይደለም፣ እህቴ» አለ፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነበር። «ሬዲዮ፣ እስቲ ውሃ ስጫት።» መዶሻውንም አንስቶ የተራራውን ጎን መታው።

ጄሶው እንደ እንቁላል ቅርፊት ገባ። ገልበጥ አድርጎ ሳበው። ከውስጥ ባዶ የወንፊት ሽቦ ይጠብቅ ነበር፤ ያየው ግን ወፍራም ግንድ ነው። ግንዱ ከጠረጴዛው መጋረጃ ጀርባ ከወለሉ ተነስቶ፣ ጠረጴዛውን በስቶ፣ በዋሻው መሀል ሽቅብ ወጥቷል። ግንዱ ላይ ጥቁር ብረት ተቀምጧል። ከብረቱ ቀይ እጀታ ወጥቷል።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ክሪኬ!» አለ ሾፌሩ።

ሬዲዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ሟቹ ነው እንዴ የሰረቀው?»

«ይኼ ውሻ! አብሮኝ አልጋ ሥር ሲገባ! ‹የዘንድሮ ሌባ› ሲለኝ!» ሾፌሩ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎበት ፊቱ ቀላ። «በአሻንጉሊቱ ሆድ ውስጥ ሸሽጎ! ና ወዲህ፣ የኔ ልጅ…» ብሎ ጎንበስ አለና ክሪኩን የሚያወርደውን ቁልፍ በጣቱ ያዘ።

ሚስትየዋ ያየችው ክሪኩን አይደለም። ሐዲዱን ነው። ግንዱ በጠረጴዛው ያለፈበት ቦታ ላይ ዋናው መስመር ተቆርጧል። ሐዲዱ በመጋዝ፣ ከነመሠረቱ፣ ከነጠጠሩ ተገዝግዞ፣ ጫፍና ጫፉ እንደተነቀለ ጥርስ ሥር ቀርቷል።

የሾፌሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣ ተንጠለጠለችበት። «አይንኩት! ጋሼ፣ በእናትዎ አይንኩት!»

«ልቀቂኝ ሴትዮ፣ የራሴ ዕቃ ነው!»

«ሐዲዱን ቆርጦታል! አያዩም? ሐዲዱን ቆርጦታል!»

«ታዲያ ቢቆርጠውስ?»

«ለአንዲት ጠጠር ያኮረፈኝ ሰውዬ ነው!» አለች ክንዱን ሳትለቅ። «አቧራ ሳይነካው የሚኖር መስመር ነው። ለቀልድ አይቆርጠውም። ለሌብነት አይቆርጠውም። ምን አስይዞት እንደሆነ ቀና ብለው ይዩ!»

ሾፌሩ ቁልፉን አልለቀቀም፤ ግን ቀና አለ። በነፃ እጁ ከአናት ያለውን ደመና ያዘና ሳበው። ጥጡ ተገሸለጠ። ከክሪኩ ራስ ላይ አንድ ጣውላ ቆሟል። ጣውላው ኮርኒሱን በስቶ ገብቶ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን፣ የፎቁን ወለል የተሸከመውን ትልቁን ወራጅ ነክሶ ይዟል። ወራጁ እንደ አሮጌ በቅሎ ጀርባ ጎብጧል። በሆዱ በኩል በእርጥበት ጠቁሮ፣ ርዝመቱን ይዞ ተሰንጥቋል። ልክ ከዚያ በላይ የአሮጊቷ አልጋ ነው።

ሾፌሩ ጣቱን ከቁልፉ ላይ፣ ከእባብ ራስ ላይ እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ አድርጎ አነሳ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው፤ ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ክሪክ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ክሪኩ ዘይት አልቦት ነበር። ዘይቱ በግንዱ ወርዶ የሐዲዱን ጫፍ አርሶታል።

«እየወረደ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ትንሽ በትንሽ እየወረደ ነው።»

ከላይ የሆነ ሰው ተራመደ። ወራጁ ጣት ሲንቋቋ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ አሰማ። አሁን ሁሉም ሰማው።

«ማንም እንዳይጮህ» አለ ሾፌሩ። ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ፍሬን እምቢ ያለው ሾፌር ድምፅ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ። «የምድር ሰው በጓሮ በር ውጡ። ፎቅ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይውረዱ። እማዬ በመጨረሻ፣ በወንበር። ፀጉር አስተካካይ፣ አንተና ሌላ ቀለል ያለ ሰው ውጡ፤ ወፍራም እንዳይጠጋኝ።»

«እርስዎስ?» አለች ሚስትየዋ።

ቀዩን እጀታ ጨበጠ። «እኔማ እነፋዋለሁ። በወረደ ቁጥር ትንሽ እመልሰዋለሁ። ክሪኬ አይደል? ያውቀኛል።»

«እኔም እቆያለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ፎቅ ልወጣ። እኔ ካልሄድኩ እማማ አይነሱም።»

ደረጃውን በባዶ እግሯ ወጣች። የፎቁ በር አልከፈት ብሎ ፀጉር አስተካካዩ በትከሻው ገፋው። ሬዲዮ ተከትላቸው ወጥታ ሴቶቹን በጣት ምልክት ታወርድ ጀመር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሳይወጣት። ያልኩትን አላምን ካላችሁ ይህንን ብቻ አትመኑ፣ እኔም ገርሞኛል። ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግድግዳውን እየተሻሹ ወረዱ። ከታች የክሪኩ እጀታ ይሰማል፤ ጭ፣ ጭ፣ ጭ።

«ምንድን ነው? ልጄ ተነሳ?» አሉ አሮጊቷ።

«አልተነሳም፣ እማማ» አለች ሚስትየዋ፣ በብርድ ልብስ እየጠቀለለቻቸው። «ግን ውጡ ይላል።»

አሮጊቷ ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት። አልተከራከሩም። በወንበር ላይ አድርገው አወረዷቸው። በየደረጃው ቤቱ ተነፈሰ። የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጡ ከላይ፣ ከባዶው ክፍል፣ አልጋው በራሱ ትንሽ ተንሸራተተ።

«ጋሼ! ወጥተናል!» አለች ከጓሮ በር።

ሾፌሩ ብቻውን ቀርቷል። የተሰበረውን ተራራ በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው እጀታውን ይነፋል። ፊቱ በጄሶ ነጥቷል፤ እንባው በነጩ ላይ መንገድ አውጥቷል። «ሌባ!» ይላል ለተራራው። «ለምን አልነገርከኝም? ተሸክሜው አልቆም ነበር? ሌባ!»

«ጋሼ፣ ይበቃል!»

እጀታውን ለቀቀና ሮጠ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ግቢው መሀል ደርሶ ዞር ሲል፣ ቤቱ ጉልበቱ እንደታመመ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትልቅ ጩኸት አልነበረውም። የትልቁ ክፍል ኮርኒስ ወረደ፣ አልጋው ተከተለ፣ መስኮቶቹ ነጭ ጭስ ተፉ። ከዚያ ጸጥ አለ። በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር የተደረደሩት ለቀስተኞች፣ ሐዘናቸውንም ረስተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር።

«ግንበኛው ለእሷ አልነበረም» አለች ሚስትየዋ። ለማን እንዳለች አይታወቅም። «ለእኔም፣ ለእማማም ነበር። ‹ለማን ነው› ብዬ ጮኽኩበት እኮ። በጩኸት ነው የጠየቅኩት።»

ሾፌሩ አጠገቧ ተቀመጠ። የሱሪውን ጄሶ ያራግፍ ጀመር። «ብንሰማ እንፈራለን ብሎ ነው» አለ። «እማዬን የት እናደርሳታለን ብሎ ነው። ደግሞ ያሾፍ ነበር እኮ። ከሞት ጋር ሳይቀር ያሾፍ ነበር።»

ሬዲዮ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከጎረቤት ዳቦና ሻይ ይዛ ከተፍ አለች። ለአሮጊቷ ቁራሽ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ዳቦውን ይዘው ቆዩ።

«ምነው እማማ? አይርብዎትም?»

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ከለሉ። «ጥርሴ» አሉ። «ብርጭቆ ውስጥ ነበር። ላይ ቀረ።» ወደ ፍርስራሹ አዩ። «የሠራልኝ ልጄ ነው። ሌላ አልሠራም፣ እስክትሞቺ ያገለግልሻል ብሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ የምር ያለቀሰው። ሚስትየዋ ግን አላለቀሰችም። ከአሮጊቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን ከእጃቸው ወሰደች። የጥፍር ያህል ቆርሳ፣ ሻይ ውስጥ ነከረች፤ እስኪርስ ጠበቀች፤ ትኩስ እንዳይሆን በከንፈሯ ለካችው። ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ፣ እንደ ወፍ ጫጩት፣ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ ዋጡ። በባዶ ድዳቸው ለምራታቸው ፈገግ አሉላት።

እንግዲህ እውነት ነው ብዬ ስለማልኩ፣ ጥርሴም ስለሚያሳሳኝ፣ አንዲት ነገር ላርም። ያቺን ፈገግታ የጨመርኳት እኔ ነኝ። አሮጊቷ ፈገግ አላሉም። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሷም ሁለተኛውን ቁራሽ ነከረች።